ሐሪ አንስሊንገር፦ ማሪዋናን ያስከለከሉት ሹም

በአሜሪካ ማሪዋናን ከፌዴራል ክልከላ ለማውጣት የሚቀርቡ ረቂቅ ሕጎች ሊሽሩት የሚሞክሩት፣ ሐሪ አንስሊንገር የተባሉ ሹም መሠረቱን የጣሉትን ሥርዓት ነው።

አንስሊንገር እ.ኤ.አ. በ1892 በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ አልቱና ከተማ ተወለዱ። በ12 ዓመታቸው አንዲት ጎረቤት በሞርፊን ሱስ ስትጮኽ ሰሙ፤ ተልከውም መድኃኒቱን ከመደብር ገዝተው አመጡ። ሻጩ ለሕፃን ልጅ ያለ አንዳች ጥያቄ መስጠቱ ዕድሜ ልካቸውን ከልባቸው አልወጣም።

በባቡር ድርጅትና በዲፕሎማትነት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1930 የፌዴራል አደንዛዥ ዕፅ ቢሮ የመጀመሪያው ኮሚሽነር ሆኑ። በዚያ ወንበር 32 ዓመት፣ በአምስት ፕሬዚዳንቶች ዘመን ቆዩ። ማሪዋና ያሳብዳል፣ ነፍስ ያስጠፋል እያሉ ሰበኩ፤ ጥፋቱን በሜክሲኮ ስደተኞችና በጥቁሮች ላይ ማላከካቸው ግን ስማቸውን እስከ ዛሬ አጉድፎታል።

እ.ኤ.አ. በ1937 የማሪዋና ግብር ሕግ ወጣ። በስሙ ክልከላ አልነበረም። ይሁን እንጂ ላልተመዘገበ ሰው በሚተላለፍ 28 ግራም ገደማ ላይ 100 ዶላር ግብር ሲጣል ማን ይደፍራል? የሐኪሞች ማኅበር ተወካይ ዊሊያም ዉድዋርድ ማስረጃው የጋዜጣ ወሬ መሆኑን አንስተው ተከራከሩ፤ ሰሚ አላገኙም።

ለገመድና ለሸራ ቃጫ የሚሰጠው ሄምፕም የዚሁ ተክል ዝርያ ነው። አንስሊንገር ገበሬው እንደ ቀድሞው መዝራት እንደሚችል ለምክር ቤቱ አረጋግጠው ነበር። ሕጉ ግን በየዓመቱ እንዲመዘገብና 1 ዶላር እንዲከፍል አዘዘው። ገንዘቡ አይከብድም፤ የሚከብደው ሰብሉ በዕፅ ተቆጣጣሪ ዐይን ሥር መውደቁ ነው። የወፍ መኖ ነጋዴዎች እንኳ የማይበቅል ዘር ብቻ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ጃፓን ፊሊፒንስን ይዛ የመርከብ ገመድ ቃጫ ሲቋረጥ፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1942 ገበሬውን ለሄምፕ የሚቀሰቅስ ፊልም ሠራ። ጦርነቱ ሲያበቃ ገበያውም አብሮ ከሰመ።

የኒውዮርኩ ከንቲባ ላጓርዲያ ያቋቋሙት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1944 የማሪዋናና የወንጀል ቁርኝት በተወራው ልክ አለመሆኑን ሲገልጽ፣ አንስሊንገር ጥናቱን አጣጣሉት። እ.ኤ.አ. በ1962 ከሥልጣን ወርደው በ1975 አረፉ።

የግብር ሕጉን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ቢጥለውም፣ በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ክልከላውን በግልጽ ደነገገ። አስካሪ ንጥረ ነገሩ ከ0.3 በመቶ የማይበልጥ ሄምፕ ነጻ የወጣው በ2018ቱ የግብርና ሕግ ነው። ማሪዋናን ነጻ የሚያደርገውን ረቂቅ የተወካዮች ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2022 አጽድቆ ልኮት ነበር፤ ሴኔቱ ግን ድምፅ አልሰጠበትም።