የባለመጋረጃዎቹ ጠበቃ፦ ወይዘሪት ኮርኔሊያ ሶራብጂ

የእድራችን ሥራ ቀብር ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ለቀስተኛ እናስተናግዳለን፣ በደንባችን የተወሰነውን ገንዘብ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ እናደርሳለን። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የሚጀመረውን ሌላ ጣጣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የቤቱ ካርታ የት ገባ? ኑዛዜ ነበረ ወይስ አልነበረም? የልጆቹ ሞግዚት ማን ይሁን? እንዲያው ገና እንባዋ ሳይደርቅ እዚህ ላይ ፈርሚ የምትባለው ስንቷ ናት! ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚሁ ጣጣ ላይ ያዋሉትን የአንዲት ሕንዳዊት ጠበቃ ታሪክ ለአባሎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ወይዘሪት ኮርኔሊያ ሶራብጂ በ1866 በምዕራብ ሕንድ፣ ናሲክ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከጥንት ፋርስ ከመጡት ፓርሲዎች ወገን ሲሆኑ ክርስትና ተቀብለው ሰባኪ የሆኑ ሰው ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ፑና ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ አስተማሪ ነበሩ። የሰፈር ሴቶች ችግራቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ እናትየው ነበር። ወይዘሪት ኮርኔሊያ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው እንደተረኩት፣ ልጅ ሳሉ አንዲት ባለንብረት ሴት እናታቸው ዘንድ መጥታ አለቀሰች። ንብረቷን የሚያስተዳድርላት ሰው ምንነቱን ያላወቀችውን ወረቀት አስፈርሟት ኖሮ፣ ሀብቷ ሁሉ ወደ እርሱ ስም ዞሯል። ሕግ መማር አለብኝ ብለው የቆረጡት ያን ጊዜ ነው።

መቁረጡ ቀላል፣ መማሩ ግን ከባድ ነበር። ከቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው ሲሆኑ፣ በፈተናውም አንደኛ ወጥተው ነበር። አንደኛ የወጣ ተማሪ በመንግሥት ወጪ እንግሊዝ አገር ይላካል። አንደኛው ሴት ሆነው ሲገኙ ግን ነገሩ ተቀየረና ተከለከሉ። ምን ይደረግ፣ ጥቂት ጊዜ በአሕመዳባድ ኮሌጅ አስተማሩ። እንግሊዝ አገር ያሉ ወዳጆችም ገንዘብ አዋጡላቸው። ከአዋጪዎቹ አንዷ የነርሶች እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነበረች። በ1889 ኦክስፎርድ ገቡ፤ በ1892 ዩኒቨርሲቲው ልዩ ውሳኔ አሳልፎ ከወንዶቹ ጋር የሕግ ፈተና እንዲቀመጡ ፈቀደ። ፈተናውን አለፉ። ዲግሪው ግን አልተሰጣቸውም፤ ኦክስፎርድ ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበርና። በእጃቸው የገባው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1922 ነው።

አሁን ስለ መጋረጃው እንናገር። በዚያን ዘመን በሕንድ፣ በተለይም በሰሜኑና በቤንጋል፣ የትልልቅ ባለርስቶች ሚስቶች ከቅርብ ቤተሰብ በስተቀር ለወንድ አይታዩም ነበር፤ ሂንዱም እስላምም። የሚኖሩት ዘናና በሚባለው የሴቶች ክፍል ነው። ባል ሲሞት የሺህ ገበሬ ጌታ የነበረበት ርስት ማንበብ በማታውቅ፣ ገበያ ወጥታ በማታውቅ ሴት እጅ ይገባል። የርስቱ ሹም ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ ይጠይቃል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ይመልሳል። የመለሰችው ባለቤቲቱ ትሁን ሌላ ሴት፣ ማን ያውቃል? ከዚያ ወረቀት ይገባል፣ የጣት አሻራ ተደርጎበት ይወጣል።

ሕግ አልነበረም እንዳንል፣ ነበረ። በቤንጋል የሂንዱ ሕግ መሠረት ወንድ ልጅ የሌላት መበለት የባልዋን ድርሻ ትወርስ ነበር። ዳሩ ግን የምትወርሰው እድሜ ልኳን በገቢው እንድትጠቀም ብቻ ነው፤ እኛ አላባ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። ያለ በቂ ችግር መሸጥ አትችልም። ስትሞት ርስቱ ወደ ባልዋ ዘመዶች ይመለሳል። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ግቢ ውስጥ የእርሷን ሞት የሚጠብቁ ሰዎች አብረዋት ይኖራሉ። ባልዋ አስቀድሞ ፈቅዶላት ከሆነ ደግሞ በስሙ የጉዲፈቻ ልጅ ልታደርግለት ትችላለች። ልጅ ካደረገች የዘመዶቹ ተስፋ በአንድ ቀን ይቆረጣል። ፈቅዷል አልፈቀደም እየተባለ ስንት ዓመት የሚፈጅ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። ፍርድ ቤቶቹም ቢሆኑ ለባለመጋረጃዎቹ ጥሩ ደንብ አውጥተው ነበር፦ እንዲህ ያለች ሴት ፈርማለች ከተባለ፣ ነገሩን ገልጠው እንዳስረዷትና አውቃ እንደፈረመች የማስረዳቱ ግዴታ ወረቀቱን ይዞ በመጣው ሰው ላይ ነው። ደንቡ መልካም ነው። ግን ማን ይንገራት? ጠበቃው ወንድ፣ ዳኛው ወንድ፣ ጸሐፊው ወንድ። ሕጉ እስከ መጋረጃው ድረስ ይመጣና እዚያው ይቆማል።

በዚህ ላይ የግብሩ ጉዳይ አለ። በቤንጋል በ1793 በወጣው ሥርዓት የርስት ግብር በቀኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልገባ መሬቱ ለጨረታ ይወጣ ነበር። አስተዳዳሪው ግብሩን ሆን ብሎ ያሳልፋል፣ ከዚያም በሌላ ሰው ስም ጨረታውን ራሱ ይገዛል። የታወቀ ዘዴ ነበር።

ወይዘሪት ኮርኔሊያ ከእንግሊዝ ተመልሰው የቦምቤይን የሕግ ፈተና በ1897፣ የአላሃባድን የነገረ ፈጅነት ፈተና በ1899 አለፉ። ይሁን እንጂ ሴት ጠበቃ ሆና ፍርድ ቤት እንድትቆም የሚፈቅድ አልተገኘም። በ1896 ግን አንድ ቀዳዳ አግኝተው ነበር። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተከሳሽ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ በማንኛውም ሰው ሊከላከል ይችላል ይላል። እርሳቸውም ነፍስ በመግደል ለተከሰሰች ሴት ፑና ፍርድ ቤት ቀርበው ተሟገቱ። በጠበቃነት መግባት ባይቻል በሰውነት ገቡ ማለት ነው።

ከ1902 ጀምሮ የሕንድን ጉዳይ ለሚመራው ለንደን ላለው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ማቅረብ ጀመሩ፤ ባለመጋረጃዎቹ ሴት የሕግ አማካሪ ያስፈልጋቸዋል የሚል። በ1904 የቤንጋል ኮርት ኦፍ ዋርድስ ሴት ረዳት ሆነው ተሾሙ። ይህ መሥሪያ ቤት አባታቸው የሞቱባቸውን ሕፃናትና ርስታቸውን ማስተዳደር አይችሉም የተባሉ ሴቶችን ሀብት በሞግዚትነት የሚይዝ ነበር። በ1907 ሥራቸው ቢሃርን፣ ኦሪሳንና አሳምን ጭምር ያዳርስ ነበር። በባቡር፣ በጀልባ፣ ሰው በሚሸከመው ወንበር እየተጓዙ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይሄዱ ነበር።

ሥራቸው የሕግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጋረጃውን ገልጠው ይገባሉ፣ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያዳምጣሉ። አማትና ምራት ይጣላሉ፤ ሁለት ጣውንት መበለቶች በአንድ ወራሽ ላይ ይካሰሳሉ፤ ቀለቧ የተቋረጠባት አለች፤ ልጁ ታሞ ሐኪም የተከለከለ አለ፤ ትምህርት ቤት መግባት ሲገባው በግቢው አሽከሮች እጅ የሚበላሽ ወራሽ አለ። ይህን ሁሉ ጽፈው ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባሉ፣ ከአስተዳዳሪው ጋር ይከራከራሉ፣ ፍርድ ቤት ሳይደረስ የሚታረቀውን ያስታርቃሉ። በሃያ ዓመት ገደማ ወደ 600 የሚሆኑ ሴቶችና ሕፃናትን እንደረዱ ይነገራል፤ አንዳንዱንም ያለ ክፍያ። እንደኛ አስተያየት ከኦክስፎርዱ ዲግሪ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ይቺ የመቀመጥና የማዳመጥ ሥራ። በ1909 መንግሥት የወርቅ ሜዳይ ሸለማቸው።

ሕጉ ራሱ ወደ እርሳቸው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1916 የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሌላዋን ሴት፣ የሬጂና ጉሃን ጥያቄ ውድቅ አድርጎ ነበር። በ1921 አላሃባድ ወይዘሪት ኮርኔሊያን ተቀበለ። በ1923 ሕንድ ውስጥ ሴቶች በጥብቅና እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ለንደን በሚገኘው ሊንከንስ ኢን በተባለው የጠበቆች ማኅበር ባሪስተር ሆኑ። ዕድሜያቸው 56 ነበር። በማግሥቱ ዓመት ካልካታ ቢሮ ከፈቱ። ታዲያ በሩ ተከፈተ ስንል ውስጡ ያሉት ወንበራቸውን አላስጠጉም። አብዛኛው የሚሰጣቸው ሥራ የጽሑፍ የሕግ አስተያየት ማዘጋጀት እንጂ ችሎት ቆሞ መከራከር አልነበረም።

የማንደብቀው ሌላ ነገር አለ። ወይዘሪት ኮርኔሊያ የእንግሊዝ አገዛዝ ደጋፊ ነበሩ። የጋንዲን ንቅናቄ ተቃወሙ፤ በ1927 ካትሪን ሜዮ የተባለች አሜሪካዊት ሕንዶችን የሚያንቋሽሽ መጽሐፍ ባወጣች ጊዜ ደግፈዋት ቆሙ። አገሩ ተቆጣ፣ ወዳጅም ደንበኛም ሸሻቸው። ቁጣው አይፈረድበትም። የበላይ ገዢ ሕዝቡን በሞግዚትነት ይዞ መኖር አለበት የሚል ሐሳብ፣ ሴቶችን ከክፉ ሞግዚት ለማዳን ሲደክም ከኖረ ሰው መውጣቱ ለእኛም እንቆቅልሽ ነው። መጋረጃውንም ቢሆን ይቀደድ አላሉም። ሴቶቹ ሳይማሩ በድንገት ቢወጡ ይጎዳሉ ብለው ያምኑ ነበር።

በ1929 ሥራ ትተው ለንደን ገቡ። የሕይወት ታሪካቸውን በ1934 አሳተሙ። በስተርጅና ዓይናቸው ደክሞ፣ በሐምሌ 1954 በ87 ዓመታቸው እዚያው ለንደን አረፉ። በ2012 በሊንከንስ ኢን ሐውልት ቆመላቸው።

እርሳቸው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ነጻ የወጣችው ሕንድ አዲስ የሂንዱ የውርስ ሕግ አወጣች። መበለቲቱ የያዘችው ርስት የእድሜ ልክ አላባ መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ሀብቷ ሆነ፤ ልትሸጠው፣ ልትለውጠው፣ ልትናዘዘው ትችላለች። የባልዋም ዘመዶች ርስቱ ይመለስልናል ብለው ሞቷን የሚጠብቁበት መብት በሕግ ተሻረ።