አርምስትሮንግና የሚመለሰው ኃይል

ባለፈው ሰሞን አንድ የምሕንድስና ተማሪ ወዳጄ ያረጀ የጊታር ፔዳል ፈታትቶ አልጋው ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። ፔዳሉ ድምፅን የሚያንቀጠቅጥ፣ ትሬሞሎ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ድምፁ ያልፋል፤ መንቀጥቀጡ ግን ጠፍቷል። እንዳስረዳኝ ከሆነ ጥፋቱ ኦሲሌተር ከሚባለው ክፍል ነው። ይኸውም ከትራንዚስተሩ የወጣው ኃይል በሦስት ካፓሲተሮች በኩል ዞሮ ወደ መግቢያው ይመለሳል፤ ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ ወይም ትራንዚስተሩ ከደከመ ዙሩ አይነሣም። አንዱን ካፓሲተር ቢለውጠው ተንቀጠቀጠ። እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝና ይህን መመለስ መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ለካ ይኸው ጥያቄ ሃያ ዓመት ያህል ፍርድ ቤት አመላልሷል!

ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. በኒውዮርክ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ሕመም ዕድሜ ልኩን ትከሻውን ያስነቀንቀው ነበር። በወላጆቹ ግቢ ከመቶ ጫማ በላይ የሚረዝም የአንቴና ምሰሶ አቁሞ ሌሊቱን ሙሉ ራዲዮ ሲያዳምጥ ያድር ነበር።

በ1912 ገና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ሊ ደ ፎረስት በ1906 የሠራውን ኦዲዮን የተባለ አምፖል ይመረምር ጀመር። ከአምፖሉ ከሚወጣው ኃይል ጥቂቱን ወደ መግቢያው ቢመልሰው ደካማው ድምፅ እየተደጋገመ ጎለበተ። መመለሱን ከልክ በላይ ቢያደርገው ደግሞ አምፖሉ ማጉላቱን ትቶ ራሱ ሞገድ ማመንጨት ጀመረ። ለፓተንቱ ገንዘብ ቢለምን አባቱ ትምህርቱን ሳይጨርስ አልሰጥም አለው። ሞተር ብስክሌቱን ሸጠ፤ አልበቃም። ስለዚህ ሥዕሉን ብቻ ጃንዋሪ 31 ቀን 1913 በውል አዋዋይ ፊት አስመሰከረ። (እኛም ከአባቶቻችን ገንዘብ ስንለምን የምንሰማው መልስ ከዚህ አይርቅም።)

ደ ፎረስት ግን ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። በ1934 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለደ ፎረስት ፈረደ። አርምስትሮንግ ስለዚሁ ሥራ ከራዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር የተሸለመውን ሜዳይ ሊመልስ ቢሄድ፣ መሐንዲሶቹ አንቀበልም ብለው በጭብጨባ መለሱት። ዳኞቹ የፈረዱትን የሙያው ሰዎች አልተቀበሉትም ማለት ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፓሪስ ላይ ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን መቀበያ አወጣ፤ በ1933 ደግሞ ጫጫታ የሌለበትን ኤፍ ኤም የሚጠብቁ ፓተንቶች ተሰጡት። አር ሲ ኤ የተባለው ትልቅ ኩባንያ በ1940 አንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ልክፈልህ ቢለው እምቢ አለ፤ ሌሎቹ ኩባንያዎች ከሽያጫቸው እየቀነሱ የሚከፍሉትን ይህ ብቻ ለምን ይለያል ብሎ ነው። አንዳንዶች ግትር ይሉታል። እኔ ግን እምቢታው ለእነዚያ ለከፈሉት ማሰብ ይመስለኛል፤ ዋጋው ቢከብድም። በ1945 መንግሥት ኤፍ ኤምን ወደ ሌላ ሞገድ ስላዛወረው የተሸጡት መቀበያዎች ሁሉ ከንቱ ሆኑ። በ1948 አር ሲ ኤን ከሰሰ፤ ክርክሩም ገንዘቡንና ጤናውን ጨረሰው፤ ትዳሩም ተናጋ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1954 ሌሊት፣ ሥዕሉን ባስመሰከረ ልክ በ41 ዓመቱ፣ የራሱን ሕይወት አጠፋ።

ባለቤቱ ማሪዮን ክሱን አልተወችም። አር ሲ ኤ በዚያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ታረቀ፤ የመጨረሻውን ክርክር ደግሞ በ1967 ሞቶሮላን ረታች።