ፖል ካመረር፦ በአንድ ጉርጥ እጅ የተፈረደበት ሊቅ

አብዛኞቹ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ውሃ ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ። በምዕራብ አውሮፓ የሚኖረው አዋላጅ ጉርጥ ግን ልማዱ ሌላ ነው። የሚራባው በየብስ ላይ ነው፤ ወንዱም እንደ ዶቃ የተያያዘውን እንቁላል በኋላ እግሮቹ ጠምጥሞ ለሳምንታት ተሸክሞ ይዞራል። ወደ ውሃ የሚወርደው እንቁላሉ ሊፈለፈል ሲቃረብ ነው።

ኦስትሪያዊውን የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ፖል ካመረርን ዝነኛ ያደረገውም፣ ለውድቀት የዳረገውም ይህ ትንሽ ፍጥረት ነበር።

ካመረር በአውሮፓውያኑ 1880 ቪየና ውስጥ ተወለደ። ሙዚቃ ተምሯል፤ ዜማም ይደርስ ነበር። እንስሳትን በማርባት የነበረው የተለየ ችሎታ ግን በ1903 በቪየናው ፕራተር መናፈሻ ወደተከፈተው የምርምር ተቋም ወሰደው።

በዚያም አዋላጅ ጉርጦችን በሞቃት ስፍራ አኖራቸው። ሙቀቱን ሽሽት ውሃ ውስጥ መራባት ጀመሩ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ወንዶቹ እጃቸው ላይ ጥቁርና ሻካራ ቆዳ ማውጣታቸውን አስታወቀ። በውሃ ውስጥ የሚራቡ ዝርያዎች ወንዶች የምታዳልጣቸውን ሴት አጥብቀው የሚይዙት በእንዲህ ያለው ቆዳ ነው፤ አዋላጅ ጉርጥ ግን በተለመደው ኑሮው አያወጣውም።

የካመረር ቃል እውነት ከሆነ፣ ወላጅ በኑሮው ያገኘው ለውጥ ለልጅ ይወረሳል ማለት ነው። ይህ ደግሞ የዘር ውርስ ሳይንስን መሠረት የሚነካ ነገር ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን አጥብቆ ተጠራጠረ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምርምሩን አመሰቃቀለው፤ ክርክሩም በፈሳሽ ተጠብቆ በቆየ በአንድ በድን ጉርጥ ላይ ተንጠለጠለ። ለእንዲህ ያለ ትልቅ ጥያቄ እጅግ ቀጭን ማስረጃ ነበር። ካመረር በ1923 ናሙናውን ይዞ ካምብሪጅ ድረስ ተጓዘ።

በ1926 አሜሪካዊው ኪንግስሊ ኖብል ቪየና ውስጥ ጉርጡን መረመረው። ሻካራው ቆዳ የለም፤ ጥቁረቱም ከቆዳው ሥር በመርፌ የገባ የጽሕፈት ቀለም ነበር። ግኝቱ ነሐሴ 7 ቀን በኔቸር መጽሔት ታተመ።

ካመረር ወደ ሞስኮ ሄዶ እንዲሠራ ተጋብዞ ነበር። ለሞስኮ ሳይንቲስቶች በጻፈው ደብዳቤ ቀለሙ መኖሩን አመነ፤ ድርጊቱ ግን የእርሱ አለመሆኑን ገለጸ። መስከረም 23 ቀን፣ በ46 ዓመቱ፣ ከቪየና ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የሽኔበርግ ተራራ ላይ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ቀለሙን ያስገባው ሰው ማንነት አልተረጋገጠም። ደራሲው አርተር ኮስትለር በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ለካመረር ተከራክሮለታል። በ2009 ደግሞ አንድ ቺሊያዊ ተመራማሪ፣ አካባቢ በዘረመል አሠራር ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ ዛሬ በሚታወቀው መሠረት ሙከራው እንደገና እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ።