ለንደንን ከግማት የገላገለው መሐንዲስ

ፍሳሽ ለጋዜጣ ዓምድ የሚመች ርዕስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፡፡ የጆሴፍ ባዛልጌትን ታሪክ ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡

ባዛልጌት በ1819 እንግሊዝ ውስጥ፣ ኤንፊልድ ተወለደ፡፡ በባቡር ሐዲድ ሥራ ከተፈተነ በኋላ ወደ ለንደን የፍሳሽ ጉዳይ ገባ፤ በ1856 የከተማይቱ የሥራዎች ቦርድ ዋና መሐንዲስ ሆነ፡፡ ያን ጊዜ ለንደን ቆሻሻዋን የምትደፋው ቴምዝ ወንዝ ላይ ነበር፤ ብዙ ነዋሪም የሚጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው፡፡ በ1853 እና 54 ብቻ ኮሌራ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ፡፡

ሕግ ላጠናሁት ለእኔ አስገራሚው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፡፡ የድሃው ሞት ያላነቃነቀውን ፓርላማ በ1858 በጋ ሽታው አነቃነቀው፡፡ ምክር ቤቱ ወንዙ ዳር ነውና አባላቱ አፍንጫቸውን ይዘው መሸሽ ዳድቷቸው ነበር፡፡ ለዓመታት ሲጉላላ የኖረው ሥራ በ18 ቀናት ውስጥ ሕግና ገንዘብ አገኘ፡፡

ባዛልጌት 132 ኪሎ ሜትር ዋና የፍሳሽ መስመር በጡብ ገነባ፡፡ በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ከ5 ሺህ በላይ ሰው የሞተው መስመሩ ገና ባልተሟላበት በምሥራቅ ለንደን ነበር፡፡ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚፈልግ ዳኛ ያለ አይመስለኝም፡፡

ይሁን እንጂ ፍሳሹ አልታከመም፤ ከከተማው ራቅ ተደርጎ እዚያው ቴምዝ ላይ ተደፋ እንጂ፡፡ በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የተባለችው መርከብ ከመድፊያው አቅራቢያ ስትሰጥም ከ600 በላይ ሰው አለቀ፤ የውኃው መመረዝም መነጋገሪያ ሆነ፡፡ ከ1887 ጀምሮ ዝቃጩ ተለይቶ በመርከብ ባሕር ላይ ይጣል ጀመር፤ ይህም እስከ 1998 ቀጠለ፡፡

በ1865 የተመረቀው የክሮስነስ ጣቢያ ፍሳሹን የሚስበው በአራት ግዙፍ የእንፋሎት ሞተሮች፣ የድንጋይ ከሰል እየፈጀ ነበር፡፡ ፍሳሹ ራሱ ኃይል እንዳለው ያኔ ማን አስቦ! ባዛልጌት በ1891 ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በኒውካስል ያስተምር የነበረው ፖተር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ረቂቅ ተሕዋስያን ምግባቸውን ሲያብላሉ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳየ፡፡ ዛሬ በዚሁ መንገድ ባክቴሪያ ፍሳሹን እያጣራ ኤሌክትሮኖችን ለኤሌክትሮድ የሚያቀብልበት ዘዴ እየተሞከረ ነው፡፡ የሚገኘው ኃይል ገና ትንሽ ነው፡፡ የባዛልጌት ጡቦች ግን አሁንም ይሠራሉ፤ በ2025 ሙሉ በሙሉ የተገናኘው 25 ኪሎ ሜትር አዲስ ዋሻም ከእነርሱ የሚተርፈውን ይቀበላል፡፡