ራይፋይዘንና የመንደር ኮሚቴ

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን ለገጠር የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሠረት ከጣሉት ሰዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱ ናቸው። ማርች 30 ቀን 1818 እ.ኤ.አ. ሐም በተባለች መንደር ተወለዱ። ለቤተሰቡ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛ ነበሩ። ለከፍተኛ ትምህርት አቅም ስላልነበረ የአጥቢያው ቄስ አስተማሯቸው። በ17 ዓመታቸው ውትድርና ቢገቡም በዓይን ሕመም ምክንያት በ1843 ለቀው ወደ አስተዳደር ሥራ ተዛወሩ።

በ1845 የቫየርቡሽና የአካባቢዋ መንደሮች ከንቲባ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ሰብል ጠፋ፤ በ1846/47 ክረምት ረሃብ ገባ። ራይፋይዘን ባለሀብቶችን አሰባስበው ገንዘብ አስዋጡ፤ በጋራ ምድጃ ዳቦ እየተጋገረ ለችግረኛው በዱቤ ተሰጠ። ወደ ፍላመርስፌልድ ሲዛወሩ ደግሞ ገበሬው ከብቱን በአራጣ አበዳሪ ሲነጠቅ አዩ። በ1849 ሌላ ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ ከብት እየገዛ ለገበሬው በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሰጥ ነበር።

ትልቁ ፈተና የገጠማቸው ግን በሄደስዶርፍ ነው። በ1854 ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ማኅበር ብድር መስጠት ብቻ ሳይሆን አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን መርዳትና ከእስር ለተፈቱ ሰዎች ሥራ መፈለግንም ጨምሮ ይዞ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ለአንድ ኮሚቴ ሸክሙ በዛ። ከሁሉ የከፋው ግን ዋስትናውን የሚሸከሙት ባለሀብቶች ሲሆኑ ተበዳሪው ገበሬ አባል አለመሆኑ ነው። አባል ያልሆነ ሰው በስብሰባ ድምፅ የለው፣ የማኅበሩ ኪሳራም አያስጨንቀው። ባለሀብቶቹ ቀስ በቀስ ሰለቹ፤ ከማኅበሩም መውጣት ጀመሩ።

ራይፋይዘን የክርስቲያን ምጽዋት ይበቃል ብለው ያምኑ ስለነበር ይህን መቀበል ቀላል አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ግን አሠራሩን ቀየሩ። በ1864 በሄደስዶርፍ በተቋቋመው የብድር ማኅበር ተበዳሪው ራሱ አባል ሆነ፤ ለማኅበሩ ዕዳም ሁሉም አባላት በንብረታቸው በጋራ ተጠያቂ ሆኑ።

በ1866 ባሳተሙት መጽሐፍ አደረጃጀቱን በዝርዝር አስቀመጡ። የማኅበሩ ክልል ከአንድ አጥቢያ እንዳይሰፋ ይመከራል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ጠባይና ጓሮ ያውቃልና። ኮሚቴውን ጠቅላላ ጉባዔ ይመርጣል፤ ብድር የሚፈቅደው ኮሚቴው ነው። የኮሚቴ አባላት ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ክፍያ የሚያገኘው የሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ሲሆን እሱ ደግሞ በብድር ውሳኔ ላይ ድምፅ የለውም፤ የተወሰነውን ይከፍላል፣ ይመዘግባል። መዝገቡንና ካዝናውን ሌላ የቁጥጥር አካል ይመረምራል። ትርፉ ለማይከፋፈል መጠባበቂያ ይውላል። በአገራችን ቀደም ሲል በነበረው አዋጅ ቁጥር 147/1991 የሥራ አመራር ኮሚቴና የቁጥጥር ኮሚቴ ተለያይተው ይደራጁ እንደነበር የሚያውቅ አባል ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

ራይፋይዘን ራሳቸው ከዚህ ሥራ ሀብት አላፈሩም። በ1865 በጤና ጉድለት ከከንቲባነት ሲሰናበቱ ጡረታቸው አነስተኛ ስለነበር መጀመሪያ በሲጋራ ሥራ፣ ቀጥሎም በወይን ጠጅ ንግድ ኑሯቸውን ደጎሙ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ልጃቸው አማሊያ ታነብላቸውና ትጽፍላቸው ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉም የየመንደሩን ማኅበራት በማዕከላዊ ገንዘብ ቤት፣ በ1877 ደግሞ በኅብረት እንዲተሳሰሩ አደረጉ። ማርች 11 ቀን 1888 እ.ኤ.አ.፣ 70 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ በኖይቪድ አጠገብ በነበረችው ሄደስዶርፍ ዐረፉ።