ዓይነ ስውሩ የቁጥር መርማሪ

ዛሬ የታላቁን የሒሳብ ሊቅ የሊዮናርድ ኦይለርን ሕይወት በአጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦይለር በ1707 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ የወንጌል አገልጋይ ስለ ነበር ልጁም በዚያው ሥራ እንዲሠማራ ይመኝ ነበር። ነገር ግን መምህሩ ዮሐን ቤርኑሊ የልጁን ስጦታ ተመልክቶ አባትየውን ስላሳመነ ኦይለር ወደ ሒሳብ አዘነበለ። በ1727 በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ሥራ ጀመረ። በ1741 ወደ በርሊን ሄዶ 25 ዓመት ከሠራ በኋላ ወደ ሩሲያ ተመለሰ።

የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ገና በጎልማሳነቱ ጠፍቶ ነበር። ኋላም የግራውን ሞራ ሸፈነው። በ1771 ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ብርሃኑ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ጠፋ። በዚያው ዓመት ቤቱ ተቃጠለ። እርሱ ግን በቃሉ እያስጻፈ ሥራውን ቀጠለ።

በ1772 ስለ አንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ያገኘውን አስታወቀ። ብቸኛ ቁጥር ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ነው። በሐዲያና በከምባታ ላደግን ለእኛ ይህ በእንሰት ተከላ ይገባናል። 12 ችግኝ ቢኖረን በ3 መደዳ አራት አራት አድርገን እንተክላለን። 13 ቢሆን ግን በአንድ ረጅም መደዳ ካልሆነ በቀር እኩል እኩል አይሆንልንም።

ሁለትን 31 ጊዜ እርስ በርሱ አባዝተን 1 ብንቀንስ 2,147,483,647 ይሆናል። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን በ1644 ይህን ቁጥር ከሌሎች ጋር ዘርዝሮ ብቸኛ ነው ብሎ ነበር። ኦይለር ቃሉን ተቀብሎ ከማለፍ ይልቅ መረመረው። ቁጥሩ አካፋይ ቢኖረው አንዱ ከ46,340 አይበልጥም። ደግሞም ብቸኛ የሆነው አካፋይ በ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 ሊተርፈው ይገባል። ስለዚህ ቢበዛ 372 ጊዜ ማካፈል በቂ ሆነ። አንዱም አላካፈለውም! ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከ80 ዓመት በላይ አልታወቀም ነበር። በ2024 በኮምፒዩተር የተገኘው 41,024,320 አኃዞች አሉት። በመነኩሴው ዝርዝር ግን 67 እና 257 ላይ ስህተት መኖሩ ከጊዜ በኋላ ታውቋል።

ኦይለር ማታ ማታ ቤተ ሰቡን ሰብስቦ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ እየተነበበ የመጸለይ ልማድ ነበረው። በ1783 በ76 ዓመቱ በሴንት ፒተርስበርግ ዐረፈ።

ወገኖች ሆይ! እኛ በሆሳዕና ገበያ ጠዋት የሰማነውን ወሬ ማታ ለሌላው እናቀብላለን። በዚህም የስንት ወንድምና እኅት ስም ጠፍቷል። ዓይነ ስውሩ ሰው ለአንድ ቁጥር እውነት ያን ያህል ከደከመ፣ ዓይን ያለን እኛ ስለ ሰው ከመናገራችን በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሄደን ብንጠይቅ ምን ይጎዳናል? እግዚአብሔር ልቡናችንን ያብራልን።