ዩጂን አትዤ፦ የመናፈሻ ሐውልቶች ፎቶ አንሺ

በፎቶግራፍ ታሪክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣ ፈረንሳውያን አንዱ የሆነው ዩጂን አትዤ ካሜራ ከመያዙ በፊት መርከበኛም፣ ተዋናይም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1857 ቦርዶ አቅራቢያ ሊቦርን በተባለች ከተማ ተወለደ፡፡ ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው፡፡ ከቲያትር ጓድ ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞር ቆይቶ ጉሮሮውን ታመመና መድረኩን ተወ፡፡ በ1890 ገደማ ፓሪስ ውስጥ በሩ ላይ ማስታወቂያ ሰቅሎ ለሠዓልያን መረጃ የሚሆኑ ፎቶግራፎች መሸጥ ጀመረ፡፡

ከ1901 አንሥቶ ወደ ቬርሳይ መናፈሻ ተመላለሰ፡፡ ቤተ መንግሥቱን ማንም ያነሣዋል፤ እሱን የሳቡት በየመንገዱ ዳር የቆሙት የእብነ በረድ አማልክትና የተቀረጹት የአበባ ማስቀመጫዎች ነበሩ፡፡ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ሰሌዳ የሚጎርሰውን የእንጨት ካሜራ ከነማቆሚያው ተሸክሞ ይሄዳል፡፡ ሰሌዳው ብርሃን እስኪቀበል ጊዜ ይወስዳል፡፡ ለዚህ ደግሞ ከሐውልት የተሻለ ታጋሽ የለም፤ ከኋላው ያለው ቅጠል ግን ነፋስ ሲነካው ጭጋግ መስሎ ይወጣል፡፡

እኔ አብልጬ የምወድለት በ1925 ሶ በተባለው መናፈሻ ያነሣቸውን ነው፡፡ ዕድሜው 68 ደርሷል፡፡ ለዓመታት ተረስቶ የኖረው መናፈሻ ገና አልታደሰም፤ አረም በወረሰው ሥፍራ ሐውልቶቹ ሽበት አውጥተው ቆመዋል፡፡ አዛውንቱ በጸደዩ ወራት በማለዳ እየሄደ አነሣቸው፡፡ ያዘዘው ሰው ስለመኖሩ እንኳ አይታወቅም፡፡

እነዚህን ፎቶግራፎች ሳይ ያደግሁባት ወረታ ትመጣብኛለች፡፡ ወደ ጎንደር ሲኬድ እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የአፄ ሠርጸ ድንግል የጉዛራ ግንብ በየመጽሐፉ ፎቶው አለ፡፡ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ከመግባቱ በፊት ግን ርብና ጉማራ ሞልተው ሲጎድሉ የፎገራ ከብት ይሰማራበት የነበረው ሜዳ ከቤተሰባችን አልበም ውስጥ የለም፡፡ ያለው የሠርግና የክርስትና ፎቶ ነው፡፡ ሜዳ ማን ያነሣል? ዛሬ ሩዝ በሚታጨድበት ቦታ ላይ ቆሜ ለልጆቼ በእጄ እያመለከትሁ ነው የማወራላቸው፡፡

አትዤ ከ2,600 በላይ ኔጋቲቮቹን በ1920 ለመንግሥት በ10,000 ፍራንክ ሸጧል፡፡ በ1927 ሲሞት ቤቱ የቀረውን ክምችት በርኒስ አቦት የተባለች አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ገዛችና አርባ ዓመት ያህል ጠበቀችው፡፡ በ1968 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከእሷ ገዛው፡፡ የሶ ሐውልቶች ፎቶግራፎችም እዚያ ይገኛሉ፡፡